በፎቶ ላይ የሚታየው ያልተፈለገ ነጥብ ከየት ይመጣል?

ከአዲስ አበባ ወደ ሱሉልታ፣ ወደ ለገጣፎ፣ ወደ ሰበታ ወይም ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚያወጡት መንገዶች የሠርግ፣ የምረቃና የቤተሰብ ፎቶ የሚነሣባቸው ሥፍራዎች ከሆኑ ቆይተዋል። በመሀል ከተማ በሕንፃና በግንባታ ክሬን የሚከለለው ሰማይ እዚያ ወለል ብሎ ይታያል፤ በመስከረም አደይ አበባ የለበሰ ሜዳ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ የደረሰ አዝመራ ይገኛል፤ ፀሐይዋንም እስክትጠልቅ ድረስ የሚጋርዳት የለም። ሆኖም ከእነዚህ ሥፍራዎች የሚመጡ ብዙ ፎቶዎች ቅሬታም ይዘው ይመጣሉ። በሙሽራዋ ቬሎ ላይ አረንጓዴ ነጥብ አርፏል፤ ሰማዩ ላይ ግራጫ ጠቃጠቆ ይታያል፤ ሙሉ ምስሉ ነጥቶ ቀለሙ ጠፍቷል፤ በምሽት የተነሣውን ደግሞ ክብ ክብ ብርሃኖች ሞልተውታል። ደንበኛው ካሜራ ማኑን ይወቅሳል፤ ካሜራ ማኑ ዕቃውን ይወቅሳል። ፎቶው በማኅበራዊ ሚዲያ ከተለጠፈም አንዱ ተአምር ነው ሲል፣ ሌላው ድሮን ነው ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ኤዲት ተደርጓል» ብሎ ይደመድማል።

እነዚህ ምልክቶች በጅምላ «ብልሽት» ይባሉ እንጂ የሚፈጠሩበት ቦታ ፈጽሞ የተለያየ ነው። አንዳንዱ በሌንሱ መስታወቶች መካከል፣ አንዳንዱ በሴንሰሩ (ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ ምስል በሚቀይረው የካሜራው ክፍል) ፊት፣ አንዳንዱ ደግሞ ከካሜራው ውጭ በአየሩ ላይ ይፈጠራል። እያንዳንዱ በቅርጹ፣ በሚያርፍበት ቦታና ካሜራው ሲንቀሳቀስ በሚያሳየው ጠባይ ይለያል፤ ለመለየትም ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የከተማዋ ዳርቻ ይህን ለመመርመር የተመቸ ሥፍራ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ዝቅ ብላ በግልጽ የምትታየው ፀሐይ፣ ያልተነጠፈው መንገድ አቧራና በጨለማ መካከል ለብቻው የሚያበራው የመንገድ መብራት በአንድ ቀን ውስጥ የሚገናኙት እዚያ ነው።

ነገሩን ከመስታወቱ እንጀምር። የካሜራ ሌንስ አንድ ወጥ መስታወት ሳይሆን ተራ በተራ የተደረደሩ የበርካታ መስታወቶች ስብስብ ነው። ብርሃን ከአየር ወደ መስታወት ወይም ከመስታወት ወደ አየር ሲሻገር 4 በመቶ ያህሉ ተንጸባርቆ ይመለሳል። 4 በመቶ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሌንሱ ተለያይተው የቆሙ 10 መስታወቶች ቢኖሩት ብርሃኑ 20 ገጾችን፣ ማለትም የእያንዳንዱን መስታወት ፊትና ጀርባ፣ መሻገር ስላለበት፣ ገጾቹ ሽፋን የሌላቸው ከሆኑ ከገባው ብርሃን በቀጥታ ወደ ሴንሰሩ የሚደርሰው 44 በመቶው ብቻ ይሆናል። የቀረው እንደ ባከነ ቢቆጠር ጉዳቱ ቀላል በሆነ ነበር። ችግሩ ከአንዱ ገጽ ተንጸባርቆ ወደ ኋላ የተመለሰው ብርሃን በሌላ ገጽ ላይ እንደገና ተንጸባርቆ ወደ ፊት መዞሩና ሴንሰሩ ላይ ባልታሰበ ቦታ ማረፉ ነው። 20 ገጾች ባሉት ሌንስ ይህ ድርብ ነጸብራቅ ሊፈጠር የሚችልባቸው ጥንዶች 190 ይደርሳሉ። በባለሙያዎች ዘንድ ፍሌር የሚባለው ነገር ምንጩ ይኸው ነው።

መፍትሔው ከተገኘ ዘጠና ዓመት ገደማ ሆኖታል። በጀርመኑ የካርል ዛይስ ኩባንያ ይሠራ የነበረው አሌክሳንደር ስማኩላ እ.ኤ.አ. በ1935 የመስታወትን ገጽ እጅግ በሳሳ ሽፋን በመቀባት ነጸብራቅን የመቀነስ ዘዴ አስገኘ። ለዚህ ሥራ የታወቀው ማግኒዚየም ፍሎራይድ ውፍረቱ 100 ናኖሜትር ገደማ እንዲሆን ተደርጎ ይቀባል፤ በዚህ ልክ ሲሆን ከሽፋኑ የላይኛው ገጽና ከታችኛው ገጽ የሚመለሱት ሁለት ሞገዶች እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ። አንድ ንብርብር ነጸብራቁን ከ4 በመቶ ወደ 1.3 በመቶ ገደማ ያወርደዋል፤ የዛሬዎቹ ባለ ብዙ ንብርብር ሽፋኖች ደግሞ ከግማሽ በመቶ በታች ያደርሱታል። ሌንስን አዘንብለን ፊቱን ስናየው የሚያብረቀርቀው አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ጥላ ከዚህ ሽፋን የተረፈው ብርሃን ነው፤ ሽፋኑ ሁሉንም ቀለማት እኩል አያጠፋምና። በፎቶ ላይ የሚታዩት ነጥቦችም አብዛኛውን ጊዜ እነዚህኑ ቀለማት የሚይዙት ለዚህ ነው።

ታዲያ ሽፋን እያለ ነጥቡ ለምን ይታያል? መልሱ በፀሐይዋ ድምቀት ላይ ነው። እያንዳንዱ ገጽ ግማሽ በመቶ ብቻ ቢያንጸባርቅ ሁለት ጊዜ ተንጸባርቆ የሚደርሰው ብርሃን ከዋናው 40,000 እጅ አንዱ ነው። ሆኖም ከአድማስ ከፍ ያለች ፀሐይ ከታች ካለው ሜዳና ሰው በመቶ ሺዎች እጥፍ ትደምቃለች። ስለዚህ ያ ኢምንት ቅሪት እንኳ አንድ ቦታ ላይ ሲጠራቀም ከሙሽራዋ ነጭ ቬሎ በልጦ ሊታይ ይችላል። ውድ ሌንስ መግዛት ችግሩን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ይህን ለደንበኛው ቀድሞ መንገር ከካሜራ ማን የሚጠበቅ ይመስለኛል።

የአዲስ አበባ አቀማመጥም የራሱ ድርሻ አለው። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ በቀትር ፀሐይ ወደ አናት ተጠግታ ትውላለች፤ በዓመት ሁለት ጊዜም በትክክል ከአናት በላይ ታልፋለች። በዚያ ሰዓት ሰውን ፊት ለፊት ለሚያነሣ ካሜራ ፀሐይዋ ከፍሬሙ (ከፎቶው ክልል) ርቃ ስለምትገኝ ፍሌር እምብዛም አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ከዓይን ሥር የሚያርፈው ጥቁር ጥላ ነው። ባለሙያዎች ይህን ጥላ ሸሽተው ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊትና ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ሲያነሡ ፀሐይዋን በቀጥታ ከሌንሱ ፊት ያገኟታል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ በአማካይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ መሆኗና እንጦጦም ከ3,000 ሜትር ማለፉ አየሩን ስስ ስለሚያደርገው፣ ከዝናብ በኋላ ሰማዩ ሲጠራ የማታዋ ፀሐይ እንኳ ኃይሏ ያን ያህል አይቀንስም።

አሁን አንድ ፎቶ ቀረብ ብለን እንመልከት። በሱሉልታ ሜዳ በስልክ የተነሣ ነው እንበል፤ ፀሐይዋ በላይኛው ግራ ጥግ አለች፤ በታችኛው ቀኝ በኩል፣ ከአንዲት ሕፃን ቀሚስ ላይ፣ ትንሽ አረንጓዴ ነጥብ አርፋለች። ከፀሐይዋ ተነሥቶ በፎቶው መሀል የሚያልፍ ቀጥታ መሥመር ቢሰመር በትክክል ነጥቧ ላይ ይደርሳል፤ ከመሀሉ እስከ ፀሐይዋና ከመሀሉ እስከ ነጥቧ ያለው ርቀትም እኩል ነው። ይህ በስልክ ካሜራዎች ላይ በብዛት የሚታየው ዓይነት ሲሆን፣ ሴንሰሩ ላይ ከደረሰው ብርሃን ጥቂቱ ተመልሶ በሌንሱ በኩል ሲወጣ ከፊት ካለው ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ተንጸባርቆ እንደገና ሲገባ ይፈጠራል። ስልኩን በዝግታ ወደ ቀኝ ብናዞረው ፀሐይዋ በስክሪኑ ላይ ወደ ግራ ትሄዳለች፤ ነጥቧ ግን በተቃራኒው ወደ ቀኝ ትሸሻለች። በሜዳው ላይ ወይም በሰማዩ ላይ ያለ እውነተኛ ነገር እንዲህ ሊያደርግ አይችልም።

የዚህች ነጥብ ምንነት በግልጽ የታየበት አጋጣሚ በአገራችን አለ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ቀለበታዊ የፀሐይ ግርዶሽ ላሊበላን አቋርጦ ሲያልፍ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ በከፊል ታይቷል። እንዲህ ባለ ቀን ፀሐይዋን በስልክ ያነሣ ሰው ዋናዋ ፀሐይ ከመጠን በላይ ደምቃ ቅርጿ ቢጠፋበትም፣ ትንሿ ነጥብ ውስጥ ግን የተገመጠችውን ፀሐይ ተገልብጣ ሊያያት ይችላል። ነጥቧ የራሷ የፀሐይዋ ደብዛዛ ምስል ስለሆነች ነው። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ከሰሜን አፍሪካ በግብፅ አድርጎ እስከ የመንና ሶማሊያ የሚዘልቅ ሙሉ ግርዶሽ ይሆናል፤ ኢትዮጵያም በከፊል ታየዋለች፤ የክረምቱ ደመና ከፈቀደ ይህን በገዛ ስልክ መፈተን ይቻላል። ግርዶሹን በዓይን ለማየት ግን ለዚሁ የተሠራ መነጽር ያስፈልጋል፤ በቴሌፎቶ (የሩቁን በሚያቀርብ) ሌንስ የሚያነሣም ለፀሐይ የተሠራ ማጣሪያ ከፊቱ ማድረግ አለበት፤ አለዚያ ዓይንም ሴንሰርም ሊጎዳ ይችላል።

ማታም ሕጉ ያው ነው። በአዳዲስ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች፣ ለምሳሌ በኮዬ ፈጬ ወይም በየካ አባዶ፣ ደማቅ የመንገድ መብራቶች ከጨለማ ሜዳ አጠገብ ይቆማሉ። መብራቶቹ ከፎቶው ግርጌ ከተሰለፉ ነጸብራቃቸው ተገልብጦ ከላይ፣ ጥቁሩ ሰማይ ላይ፣ ተሰልፎ ይታያል። የነጥቦቹን ቁጥር ከመብራቶቹ ቁጥር ጋር ማስተያየት ብቻ ብዙ ክርክር ያስቀራል። በጭለማ ሰማይ ላይ የተደረደሩ አረንጓዴ ብርሃኖችን የሚያሳይ ቪዲዮ ሲደርሰን መጀመሪያ ልናየው የሚገባው ከታች ያለውን መንገድ ነው።

ፍሌር ሁልጊዜ ነጥብ ሆኖ አይመጣም። ፀሐይዋ ከፍሬሙ ውጭ ሆና የሌንሱን ፊት ብቻ ስትመታ ብርሃኗ በመስታወቶቹና በሌንሱ በርሜል ውስጥ ተበትኖ ምስሉን በሙሉ እንደ ነጭ መጋረጃ ይሸፍነዋል፤ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፤ ቀለሙ ይደበዝዛል። የሌንስ ሁድ፣ ማለትም በሌንሱ ጫፍ ላይ የሚገጠመው ጥላ ሰጪ ክፈፍ፣ የተሠራው ለዚህ ነው። ሁድ የሚጠቅመው ፀሐይዋ ከፍሬሙ ውጭ ስትሆን ብቻ መሆኑን ግን ማወቅ ይገባል። ሁድ ከሌለ ረዳቱ በባርኔጣ ወይም በጃንጥላ የሌንሱን ፊት ቢያጠላ ውጤቱ ያው ነው፤ ልዩነቱም ያኔውኑ በካሜራው ስክሪን ላይ ይታያል። በሌንሱ ላይ የሚጠለቀው ርካሽ የዩቪ ፊልተር (የመከላከያ መስታወት) በበኩሉ ሁለት ተጨማሪ ገጾችን ያመጣል፤ ጠፍጣፋ በመሆኑም ከሴንሰሩ የተመለሰውን ብርሃን ቀጥ አድርጎ ይመልሰዋል። ከፀሐይ ፊት ለፊት ወይም በምሽት መብራት ሲሠራ አውልቆ ማስቀመጥ ይሻላል።

በስልክ ዘንድ ይህ ነገር የበለጠ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የስልኩን ካሜራ ከጭረት ለመከላከል ሌላ መስታወት ይለጥፍበታል፤ የተሰበረውንም በጥገና ቤት ያስቀይራል። የተለጠፈው ወይም የተቀየረው መስታወት ነጸብራቅ የሚቀንስ ሽፋን ከሌለው፣ ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ በአንድ ቀን ውስጥ ፎቶው የሚያሳዝን ይሆናል፤ በመካከል የገባ አቧራና የጣት ወዝ ሲጨመርበትም ይብሳል። ከሁሉ የሚቀድመው ወዙ ነው። በስልክ በተነሣ የምሽት ፎቶ ላይ ከመብራት የሚወጣ ረዥም ጨረር ከታየ መነሻው አብዛኛውን ጊዜ የጣት አሻራ ነው፤ ጣቱ መስታወቱን ወደ ጎን ከጠረገው ጨረሩ ወደ ላይና ወደ ታች ይዘረጋል፤ ወደ ታች ከጠረገው ደግሞ ወደ ግራና ቀኝ። የጨረሩ አቅጣጫ ከጠረጋው አቅጣጫ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ይሠራል። ንጹሕ፣ ለስላሳ ጨርቅና ጥቂት ትንፋሽ ይበቃዋል፤ የሸሚዝ ጫፍ ግን አቧራ ከያዘ መስታወቱን ይጭረዋል።

ወደ ጥቁሩ ጠቃጠቆ ስንመጣ ነገሩ ሌላ ነው። ከብርሃን ብዛት ሳይሆን ከጥላ የሚመጣ ነው። ሌንሳቸው በሚቀያየር ካሜራዎች ላይ ሌንሱ በተነቀለ ቁጥር አቧራ ይገባል፤ በበጋ ወራት ገረጋንቲ የጫነ ሲኖትራክ ባለፈበት የዳርቻ መንገድ ላይ ቆሞ ሌንስ መቀየር አቧራውን ጋብዞ እንደ ማስገባት ይቆጠራል። ቅንጣቱ የሚያርፈው በሴንሰሩ ላይ ሳይሆን ከፊቱ ባለው ስስ ማጣሪያ ላይ ነው። አፐርቸሩ፣ ማለትም በሌንሱ ውስጥ ብርሃን የሚያልፍበት ቀዳዳ፣ ሰፊ ሲሆን፣ ኤፍ 2.8 ላይ እንበል (ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ ብርሃኑ ከብዙ አቅጣጫ ስለሚመጣ የቅንጣቱ ጥላ ተበትኖ ይጠፋል። ወደ ኤፍ 16 ወይም ኤፍ 22 ሲጠብ ግን ብርሃኑ ከጠባብ ቀዳዳ ስለሚመጣ ጥላው ተሰብስቦ ጎልቶ ይወጣል። ስለዚህ ያው ካሜራ ጠዋት በእልፍኝ ውስጥ ሙሽራዋን ሲያነሣ ንጹሕ መስሎ፣ ከሰዓት በኋላ ሰፊ መልክዓ ምድር ሲያነሣ ሰማዩን በጠቃጠቆ ይሞላዋል። ካሜራ ማኑም «ጠዋት ደኅና ነበር» ማለቱ እውነቱን ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 22 አጥብቦ፣ ፎከሱን ሆን ብሎ አጥፍቶ፣ ጥርት ያለ ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ ማንሣትና ምስሉን አጉልቶ ማየት ነው። ጠቃጠቆው በተለያዩ ፎቶዎች ላይ በአንድ ቦታ ከተገኘ፣ ሌንስ ሲቀየርም ካልተንቀሳቀሰ፣ አቧራው ሴንሰሩ ፊት ነው። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሌንሱን ፊት ደጋግሞ ይጠርጋል፤ ይህ ድካም ብቻ ነው፤ ከሌንሱ ፊት ያለ ቅንጣት ከፎከስ እጅግ የራቀ ስለሆነ ነጥብ ሆኖ አይታይምና። ሴንሰሩ ምስሉን ገልብጦ ስለሚቀበል በፎቶው ላይኛ ግራ የታየ ነጥብ ሴንሰሩን ከፊት ለሚያየው ሰው የሚገኘው በታችኛው ግራ ነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው የሚያጸዳው ንጹሑን ቦታ ነው።

ስለ ማጽዳቱ አጥብቄ የምናገረው አለኝ። ኦሊምፐስ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ኢ-1 ካሜራ የሴንሰሩን ማጣሪያ በከፍተኛ ፍጥነት በማንቀጥቀጥ አቧራ የማራገፍ ዘዴ ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ካሜራዎች ይህን በራሳቸው ይሠራሉ፤ የመጀመሪያው እርምጃ ይህን ማስነሣት ነው። ካልበቃ፣ ካሜራውን ፊቱን ወደ ታች አድርጎ ለዚሁ በተሠራ የጎማ መንፊያ መንፋት ነው። በአፍ መንፋት ምራቅ ያስቀራል፤ የጎሚስታ ኮምፕሬሰር አየር ደግሞ ውኃና ዘይት ከኃይለኛ ግፊት ጋር ይዞ ይመጣል። ተጣብቆ የቀረውን በሴንሰር ልክ በተሠራ ማጽጃና ፈሳሽ ልምድ ያለው ሰው ቢያነሣው ይመረጣል። ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ግን ካሜራውን አጥፍቶ፣ መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ፣ ወደ ታች ደፍቶ ሌንስ መቀየር ነው። በክረምት ደግሞ አቧራው ሲቀር እርጥበቱ ይመጣል፤ በእርጥብ ክፍል ውስጥ በቦርሳ ተዘግቶ የከረመ ሌንስ ሻጋታ ያበቅላል፤ ሻጋታውም ሽፋኑን ከበላው በኋላ አይመለስም።

የቀሩት ክብ ብርሃኖች ናቸው፤ ብዙ ስሜት የሚቀሰቅሱትም እነርሱ ናቸው። በደመራ ምሽት ወይም በከተራ፣ ሕዝቡ አቧራ ባስነሣበት፣ ካፊያ በሚጥልበት ወይም የዕጣን ጢስ በተሞላበት ቦታ በፍላሽ የተነሣ ፎቶ በክብ ክብ ብርሃኖች ሊሞላ ይችላል። ፍላሹ ለሌንሱ ቅርብ በሆነ ቁጥር ከፊቱ የሚንሳፈፈውን ቅንጣት አብርቶ በቀጥታ ይመልሰዋል። ብርሃን በርቀት ካሬ ስለሚዳከም ከፍላሹ 20 ሳንቲሜትር ላይ ያለች ቅንጣት 2 ሜትር ላይ ከቆመው ሰው መቶ እጥፍ የበዛ ብርሃን ታገኛለች፤ ከፎከስ ውጭ በመሆኗም የአፐርቸሩን ክብ ቅርጽ ይዛ ትሰፋለች። ይህን የምጽፈው የማንንም እምነት ለመንካት አይደለም፤ ምልክት ነው ተብሎ ለብዙ ሰው ከመላኩ በፊት ያንኑ ቦታ ያለ ፍላሽ ደግሞ ማንሣት ለእምነቱም ክብር ነው ብዬ ስለማስብ ነው። በጨለማ ረዥም ሰዓት ተከፍቶ በቆየ ሴንሰር ላይ የሚታዩት ቀይ፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ነጥቦች ደግሞ የሴንሰሩ ሙቀት የፈጠራቸው ናቸው፤ ብዙ ካሜራዎች እነዚህን የሚያጠፋ ማስተካከያ አላቸው።

እነዚህን ሁሉ በኤዲቲንግ ማጥፋት ዛሬ ቀላል ሆኗል። ስልኮች ነጥብን በአንድ ንክኪ የሚያነሣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ መሣሪያ ይዘው ይመጣሉ። ለሠርግ አልበም ይህን መጠቀም ምንም ነውር የለበትም፤ ሙሽራዋ ቬሎዋን ያለ አረንጓዴ ነጥብ ማየት መብቷ ነው። ለማስረጃ በሚቀርብ ፎቶ ላይ ግን፣ የመኪና ግጭት ይሁን የወሰን ክርክር ወይም የግንባታ ጉድለት፣ የተነካ ምስል አይጠቅምም። መሣሪያው ነጥቡን አንሥቶ ከሥሩ የነበረውን አያሳየንም፤ ሊኖር ይችላል ብሎ የገመተውን ይሥልበታል። ከዚያ በኋላ «ኤዲት ተደርጓል» የሚለው ክስ እውነት ይሆናል፤ ነጥቡ ባለበት ቢተው ኖሮ ግን የፀሐይዋን አቅጣጫ ስለሚያሳይ ፎቶው የተነሣበትን ሰዓት ለማመሳከር ያገለግል ነበር። ስለዚህ ዋናው ፋይል ሳይነካ መቀመጥ አለበት። በቴሌግራም ሲላክም እንደ ምስል ከሆነ ይጨመቃል፤ የተነሣበትን ቀንና ሰዓት የያዘው መረጃም ይወጣል፤ እንደ ፋይል ሲላክ ግን እንዳለ ይደርሳል።